ጮቄ ላይ ክክ አትጣዱ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ አማቴ ፊት ባላፈርኩ ነበር ብዬ ነው።

ደብረ ማርቆስ ነው ተወልጄ ያደግኩት። የጮቄን ተራራ ዕድሜ ልኬን ከሩቅ አየዋለሁ እንጂ አንድ ሌሊት እንኳ አድሬበት አላውቅም ነበር። ባለፈው ዓመት ጥር፣ ጥምቀት እንዳለፈ፣ ልጆቹን ድንኳን ውስጥ ላሳድራቸው ተነሳሁ። ባለቤቴ ተስማማች። አማቴም «እኔንስ ለማን ትታችሁኝ?» ብለው ተነሱ። አምስት ሆንን።

ድንኳን ከጓደኛ ተዋስን። ፍራሽ፣ ጋቢና ብርድ ልብስ መኪና ላይ ጫንን። ይኸው ነው፤ ስለዚህ ብዙ የሚወራ የለም።

ደብዳቤው ግን ሦስት ቀን ፈጀ። ፈቃድ ያስፈልጋል ተብለን ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። በነጋታውም ስብሰባ ላይ ነው። በሦስተኛው ቀን አገኘነውና «እዚያ ምን ልታደርጉ ነው?» አለኝ።

«ልናድር፣ ምግብ እያበሰልን ልንበላ።»

«ቤት የላችሁም?»

ማኅተሙን ግን መታልን። ስንወጣ ደግሞ ምክር ጨመረልን፤ «ብርዱ አይቻልም፣ ማታ ድንኳኑ ውስጥ ከሰል አስገቡ።» ይህን ምክር ማንም ቢሰጣችሁ፣ ባለማኅተምም ቢሆን፣ አትስሙት። የከሰል ጭስ ባይታይም፣ ባይሸትም ተዘግቶ ሲታፈን ይገድላል። የተኛ ሰው ሳይነቃ ነው የሚያልቀው። ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ ተቃቅፋችሁ ተኙ፣ ከሰሉ ግን ውጭ ይደር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ።

እኔ ወጥ መሥራት የምወድ ሰው ነኝ። ቤት ውስጥ «ባለሙያው» እየተባልኩ ይቀለድብኛል፣ ግን ደስ ይለኛል። እንግዲህ ተራራው ላይ ሙያዬን ላሳይ አስቤያለሁ። አማቴ ሐሙስ ማታ «ልጄ፣ በአገልግል ይዘን ብንሄድ አይሻልም?» ብለውኝ ነበር። አገልግል! የሠርግና የንግሥ ዕቃ መሰለኝ። አዲስ የገዛሁት የጋዝ ምድጃ አለኝ፣ ድስት አለኝ፣ የመክተፊያ እንጨት ሳይቀር ይዣለሁ። «እማማ፣ እርስዎ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ እኔ ትኩስ ትኩሱን አበላዎታለሁ» አልኳቸው። እሳቸውም ዝም አሉ።

የሄድንበት ቀን ዓርብ ነው። ዓርብ ደግሞ ጾም ነው። ስለዚህ ክክ አልጫ፤ ልጆቹ ይወዱታል። አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። በሮብ ገበያ በኩል ወጥተን፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል በቆመበት፣ የጓሳ ሣር በለበሰ ሜዳ ላይ ድንኳን ስንተክል ስምንት ሰዓት ሆኖ ነበር። ልክ ዘጠኝ ላይ ይበላሉ ብዬ ክኩን ጣድኩ።

ውሃው ቶሎ ፈላ። እንዲያውም ከቤት ይልቅ ቶሎ የፈላ መሰለኝ። «አያችሁ ምድጃውን!» አልኩ። ያን ጊዜ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። አንድ ፍሬ ክክ አውጥቼ በጣቴ ስጫነው ለሁለት ተሰነጠቀ እንጂ አልፈረሰም። ትንሽ ይቆይ አልኩ። አሥር ሰዓት ሆነ። ድስቱ ይንተከተካል፣ ክዳኑ ይዘላል፣ ክኩ ግን ጥርስ ላይ ኳ ይላል። ታዲያ ምን አደረግኩ? ጋዙን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። አሥራ አንድ ሰዓት። ውሃ ጨመርኩ። ሽንኩርቱን በሌላ መጥበሻ ለብቻው አቁላልቼ፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ጨምሬ፣ እርዱን ነስንሼ አዘጋጅቼዋለሁ፤ ያማረ ቁሌት ነው፣ የሚገባበት ክክ ብቻ ነው የጠፋው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ብርዱ ከእግር ጀምሮ ይወጣ ጀመር። ልጆቹ አንድ ጊዜ ወደ ድስቱ፣ አንድ ጊዜ ወደ እኔ ያያሉ። ትንሿ «አባዬ፣ ክኩ ታሟል?» አለችኝ። እንደ ማሽላ እያረርኩ ሳቅኩ።

አማቴ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከጠዋት ጀምሮ ውሃ እንኳ አልቀመሱም። አንድ ጊዜ ብቻ ተነስተው ድስቱ ውስጥ አዩና «ይኼን ያህል ፈልቶ ያልበሰለ ነገር አይቼ አላውቅም» ብለው ተመልሰው ተቀመጡ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ቤት ከተመለስኩ በኋላ ነው፣ በትምህርት ቤት የተማርኩትን ሳስታውስ። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃም በትንሽ ሙቀት ይፈላል። ባሕር ጠረፍ ላይ 100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ደብረ ማርቆስ 92 ገደማ ላይ ይፈላል። የጮቄ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እኛ ያደርንበት ዝቅ ያለ ቢሆንም ውሃው ከ87 እና 88 ዲግሪ አያልፍም። ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት አይሞቅም፤ ተንኖ ያልቃል እንጂ። ማለትም ያን ሁሉ ሰዓት ጋዝ ያቃጠልኩት እንፋሎት ለመሥራት ነው። ክኩን ደግሞ ቀድሜ አልዘፈዘፍኩትም። ማታውን ዘፍዝፌው ቢሆን፣ ወይም ፕሬዠር ድስት ይዤ ቢሆን ሌላ ታሪክ ነበር።

አንድ ሰዓት ተኩል ማታ ላይ እጄን ሰጠሁ። አማቴ ምንም ሳይሉ ዘንቢላቸውን ሳቡ። ከውስጡ በነጠላ ቁራጭ የታሰረ ነገር አወጡ። በሶ ነው። «ለመንገድ ብዬ» አሉ። ሳህን ላይ አፈሰሱት፣ ጨው ቆነጠሩበት፣ ቀዝቃዛ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጉ በአንድ እጃቸው ያሹት ጀመር። ዱቄቱ መጀመሪያ ፍርፍር አለ፣ ከዚያ ያዘ፣ ከዚያ ከጣታቸው ላይ ለቀቀ። እየጨበጡ ለልጆቹ አደሉ። የተቆላ ገብስ ሽታ ብርዱ ውስጥ እንዴት እንደሚያውድ! አንድ ለእኔም ሰጡኝ። እሳት የለ፣ ጋዝ የለ፣ 87 ዲግሪ የለ። እሳቸው የበሉት ከሁሉም በኋላ ነው።

ጠዋት ደግሞ ሌላ ጉድ። ሜዳው ውርጭ መትቶት ነጭ ሆኗል፣ ምድጃው እምቢ አለ። የሸጠልኝ ሰው «በየትኛውም አየር ይሠራል» ብሎኝ ነበር፤ አሁንም ባገኘው የምለው አለኝ። ትንሿ ቆርቆሮ ውስጥ ያለው ቡቴን የሚባል ነዳጅ ብርዱ ሲበረታ ወደ ጋዝነት መለወጥ ይሳነዋል፣ ፈሳሽ ሆኖ ይቀመጣል። ሲናጥ ይሰማል፣ እሳት ግን የለም። ባለቤቴ ቆርቆሮውን ጋቢ ውስጥ ታቅፋ ሩብ ሰዓት ያህል ስታሞቀው ለሻይ የሚሆን ነበልባል ሰጠን። ከዚያ አለቀ። ማታ ለክኩ ያባከንኩት ነው። ስለዚህ ቆርቆሮውን ማታ ብርድ ልብሳችሁ ውስጥ አሳድሩት። እሳት ዳር አስጠግታችሁ ልታሞቁት ግን እንዳትሞክሩ፤ ይፈነዳል።

ክኩን ከነድስቱ ይዤው ተመለስኩ፣ መድፋት አሳፈረኝ። ቤት ስጥደው ብዙም ሳይቆይ ፈረሰ። ባለቤቴ ማንኪያዋን አስቀምጣ ስቃ ስቃ ሞተች።

አሁን ሦስት ጊዜ ሄደናል፤ የደረስኩበትን ልንገራችሁ። የሚቀቀል ነገር ሁሉ ከፍታ ላይ ጠላት ነው። ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ ቤት ይቅሩ። ፓስታም ሊጥ ሊጥ ይላል። ዕንቁላል ከመቀቀል መጥበስ ይሻላል። ጥብስ ግን የትም ቦታ ጥብስ ነው፣ ዘይትና ቅቤ ከውሃ በላይ ይግላሉና ከፍታው አይነካቸውም። ሽሮ ቀድሞ የተቆላ፣ የተፈጨ ስለሆነ ጥሩ ይወጣል፤ ብቻ ከሌላው ጊዜ አርዝማችሁ አንተክትኩት። ድርቆሽና ቋንጣ ካላችሁ ፍርፍሩ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ድንች እዚያው ከገበሬ ግዙና ፍም ውስጥ ቅበሩት፤ የጮቄ ድንች በአዋዜ ብሉና ንገሩኝ። ከሰሉን ግን ከቤት ያዙ። አስታ የሚባለውን ቁጥቋጦና ጓሳውን አትንኩ፤ ያ ተራራ ለዓባይ ገባሮች ምንጭ ነው፣ የለበሰው ልብስ ደግሞ እየሳሳ ነው። የምንጭ ውሃ ከሆነ የምትጠጡት፣ ከፈላ በኋላ ሦስት ደቂቃ አቆዩት።

ሰዎች «የጉዞው ደስታ እዚያው ማብሰሉ ነው» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ሥራው ቤት ይለቅ። ተራራው ላይ ማሞቅ፣ መጥበስ፣ ቡና ማፍላት ይበቃል። አባቶቻችን ስንቅ የሚሉትን ነገር ያወቁት ያለ ምክንያት አይደለም።

ባለፈው ኅዳር መጀመሪያ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ፣ ቅዳሜ ወጣን። ዶሮውን አማቴ ዓርብ ሌሊቱን ሠርተውታል፤ ሽንኩርቱ እስኪጠፋ ቁልልት ብሎ፣ ቅቤው ላዩ ላይ ተንሳፎ። አገልግሉ ውስጥ እንጀራ አንጥፈው፣ ወጡን አድርገው፣ በእንጀራ ሸፍነው፣ ጠፍሩን አጥብቀው አሰሩት። የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እዚያው ሜዳ ላይ ደረስን፣ ያቺን ድንጋይ ልጆቹ አወቋት። ጠፍሩ ሲፈታ የበርበሬው ሽታ ወጣ። አማቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ።

«እንካ ልጄ» አሉኝ፤ «ይኼ በስሏል።»