ስሙ ሳይጻፍ የቀረው ልጅ

«ፍጹም ጤና አለኝ፣ አእምሮዬም ሙሉ ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይላል ዊልያም ሼክስፒር የኑዛዜው መግቢያ ላይ። ቀኑ ማርች 25፣ 1616 ነው። (ዘመኑን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ አለበለዚያ እኔም እናንተም ግራ እንጋባለን።) ሰውየው ኤፕሪል 23 ሞተ። አንድ ወር እንኳ አልሞላውም።

ዋሸ እንዴ? አይመስለኝም። ወረቀቱን ጠጋ ብሎ ላየው፣ ቀኑ ላይ መጀመሪያ «ጃንዋሪ» ተብሎ ተጽፎ ተሰርዟል። «ማርች» የተባለው በኋላ ነው። ብዙ አጥኚዎች ኑዛዜው በጃንዋሪ ተረቅቆ ነበር ይላሉ። ያኔ እውነትም ደህና ነበር ይሆናል። ከዚያ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ተፈጠረና ረቂቁ እንደገና ወጣ።

ሦስት ገጽ ናት። የእንግሊዝ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፎቶዋን ኢንተርኔት ላይ አስቀምጦታል። ሰሞኑን ማታ ማታ ስልኬ ላይ እያሰፋሁ አያታለሁ። ጽሕፈቱ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ተገልብጦ የታተመውን ጎን ለጎን ካልያዝኩ አንድ መስመር አይገባኝም። ስርዙ ግን ለማንም ይታያል። በመስመር መሃል የተሰገሰገውም ይታያል። ሦስቱም ገጾች ላይ ፈርሟል። በእርግጥ የእጁ ናቸው ተብለው በአብዛኛው የሚታመንባቸው ፊርማዎች በጠቅላላው ስድስት ናቸው፤ ግማሾቹ እዚህ አሉ።

ባለቅኔውን ፈልጎ የመጣ ሰው ግን እዚህ አያገኘውም። ስለ ተውኔት ትንፍሽ አይልም። መጽሐፍ የሚባል ነገርም አያነሳም። የማገኘው አንድ የገጠር ከተማ ባለጸጋ ነው። ቤት አለው፣ መሬት አለው፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉት። ብቸኛ ወንድ ልጁ ሃምኔት በ1596፣ በ11 ዓመቱ ሞቶበታል። በዚያው ዓመት ነው ለቤተሰቡ የጨዋነት አርማ፣ ማለትም የባለ ማዕረግ ቤተሰብ ምልክት፣ የተፈቀደው። አባቱ ጓንት ሰፊ ነበር። የጓንት ሰፊ ልጅ በኑዛዜው ላይ «የስትራትፎርድ አፖን ኤቨኑ ዊልያም ሼክስፒር፣ ጨዋ» ተብሎ ሲጻፍ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ቃል ገንዘብም ልፋትም ያለባት ናት።

ወጉ ነፍስን ያስቀድማል። ነፍሴን ለፈጣሪዬ፣ ሥጋዬን ለተሠራበት አፈር፤ ከዚያ ወደ ገንዘቡ። ኑዛዜ የሚጸድቀውም በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ነበር፤ ይህ አሠራር እስከ 1858 ዘልቋል። መሬትን በኑዛዜ እንደ ልብ ማውረስ ራሱ ብዙ አልቆየም፤ መንገዱን የከፈተው ሄንሪ ስምንተኛ በ1540 ያወጣው ሕግ ነው።

አንድ ነገር ደስ አለኝ። የቤተ ክርስቲያናቸው የጸሎት መጽሐፍ ቄሱ በሽተኛ ሊጠይቅ ሲሄድ ምን ማለት እንዳለበት ይነግረዋል። ሰውየው ንብረቱን ያልተናዘዘ ከሆነ እንዲናዘዝ ምከረው ይላል። ሰዎች ይህን በጤናቸው ጊዜ እንዲያደርጉት ደጋግማችሁ አሳስቡ ይላል። ለድሆችም እጁን እንዲዘረጋ ንገሩት ይላል።

እኛ ቤት ኑዛዜ ከተነሳ መልሱ «አታሟርት!» ነበር። አባቴ ምንም ሳይናዘዝ ሄደ። ከዚያ በኋላ በአንዲት የጓሮ በር ምክንያት እህትና ወንድም ስንት ጊዜ ተኳረፍን። በሩ ወደ ማን ድርሻ ይገባል? ሽማግሌ ገብቶ ነው የበረደው። በሩ ዛሬ ተደፍኗል፤ ማንም አይወጣበትም። እንግዲህ የማላውቀውን እንግሊዛዊ ኑዛዜ እንቅልፌን ትቼ የማነበው ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። አንድ አባት ቁጭ ብሎ፣ «እኔ ስሄድ እነዚህ ልጆች በምን ይጣላሉ?» ብሎ ሲያስብ ማየት አምሮኝ ነው።

ሼክስፒር ደግሞ አስቦበታል። ከሚገባው በላይ አስቦበታል ልበል?

የመጀመሪያው ስጦታ የታናሽ ልጁ የጁዲት ነው። የሞተው የሃምኔት መንታ ናት። እዚያ ቦታ ላይ ጸሐፊው መጀመሪያ «ለአማቼ» ብሎ ሊጽፍ ጀምሯል። ቃሉ ሳያልቅ ተሰርዟል። «ለልጄ ለጁዲት» ሆኗል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ጁዲት ፌብሯሪ 10፣ 1616 ቶማስ ኩዊኒ የሚባል የወይን ጠጅ ነጋዴ አገባች። ጊዜው ጋብቻ የማይፈቀድበት ወቅት ስለነበር ያለ ልዩ ፈቃድ ነው የተጋቡት፤ ለዚህም ተወግዟል። ይህ ቀላሉ ነው። ማርጋሬት ዊለር የምትባል ሴት ከኩዊኒ አርግዛ ነበር። በወሊድ ሞተች፤ ማርች 15 እሷም ሕፃኑም ተቀበሩ። ማርች 25 ሼክስፒር ኑዛዜውን አሻሻለ። በማግስቱ፣ ማርች 26፣ ኩዊኒ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ቀርቦ ጥፋቱን አመነ። ሦስት እሑድ ነጭ አንሶላ ለብሶ ምእመን ፊት እንዲቆም ተፈረደበት። ከዚያ ቅጣቱ ተቀይሮ ለድሆች 5 ሽልንግ ከፍሎ ተገላገለ። አምስት ሽልንግ! አማቱ ለአንድ ወዳጁ የቀለበት መግዣ ብሎ የተወው ገንዘብ እንኳ ከዚህ አምስት እጥፍ ይበልጣል።

ትንሽ ከተማ ናት። አባትየው ምን እየሰማ እንደሰነበተ መገመት አያቅትም። ስለዚህ ገንዘቡን እንዲህ አሰረው። ለጁዲት 100 ፓውንድ ለጋብቻዋ። ሌላ 50 ፓውንድ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ቤት ላይ ያላትን መብት ለእህቷ ለሱዛና ከለቀቀች። ሌላ 150 ፓውንድ ደግሞ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እሷ ወይም ልጅ በሕይወት ካለ። ይህኛው ግን ባል እስካላት ድረስ በእጇ አይገባም። ወለዱን ብቻ ትበላለች። ባልየው ዋናውን መንካት ከፈለገ መጀመሪያ በዚያው ልክ የሚያወጣ መሬት ለእሷና ለልጆቿ ያስመዝግብ። የኩዊኒ ስም ኑዛዜው ውስጥ አንድም ቦታ የለም። «የሚያገባት ማንኛውም ባል» ዓይነት አነጋገር ነው ያለው፤ ሰውየው እኮ ካገባት ስድስት ሳምንት ሆኖታል።

ለመጠኑ ያህል፣ የስትራትፎርድ ትምህርት ቤት መምህር የዓመት ደመወዝ 20 ፓውንድ ነበር። የጁዲት ድርሻ ሁሉ ቢደመር የ15 ዓመት ደመወዝ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ሳነበው ጨካኝ መሰለኝ። የልጅን ገንዘብ እንዲህ ሸብቦ መስጠት ስጦታ ነው? ሲያድር ግን ሐሳቤ ተቀየረ። በዚያ አገር ሕግ ያገባች ሴት ጥሬ ገንዘብ ባሏ እጅ ነው የሚገባው። ያለ ባሏ ፈቃድ እንኳ መናዘዝ አትችልም። አባትየው ኩዊኒን መምታት አይችልም፣ ጋብቻውን ማፍረስ አይችልም። የቀረው መሣሪያ የኮሊንስ ብዕር ነው። ፍራንሲስ ኮሊንስ ጠበቃው ነው፤ ለድካሙም 13 ፓውንድ ከ6 ሽልንግ ከ8 ፔንስ ተወለት። ሥራውን አይቼ አልበዛበትም።

ስለ አልጋው የማይጠይቀኝ ሰው ስለሌለ ልናገረውና ልለፍ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ በሁለት መስመር መካከል ተጨንቆ፣ «ለሚስቴ ሁለተኛ ደረጃውን አልጋዬን ከነዕቃው እሰጣለሁ» የሚል አለ። ለሚስቱ ለአን ተለይቶ የተሰጣት ይህ ብቻ ነው። አንዳንዱ ስድብ ነው ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ምርጡ አልጋ የእንግዳ ነበር፣ ሁለተኛው የባልና ሚስቱ ነው፣ ስለዚህ ፍቅር ነው ይላል። መበለት በሕጉ ከባሏ መሬት ሲሶውን ዕድሜዋን ሙሉ ትጠቀምበታለች፤ መጻፍ አላስፈለገም የሚሉም አሉ። በእርግጥ አልጋ ያኔ ከነመጋረጃው ከነአልጋ ልብሱ ውድ ንብረት ነው። እኔ ግን ፍቅርም ስድብም አልታየኝም። የታየኝ ተረስቶ የተጨመረ ነገር ነው። ማን አስታወሰው? እሷ ራሷ አጠገቡ ቆማ «የእኔስ?» ብላ ይሆን? ይህቺን ከራሴ ነው የጨመርኩት፤ ማስረጃ የለኝም።

ትናንሾቹን ስጦታዎች ወድጃቸዋለሁ። ሰይፉን ለቶማስ ኮምብ። ሰፊውን በወርቅ የተለበጠ የብር ሳህን ለጁዲት። የቀረውን የብር ዕቃ ሁሉ ለልጅ ልጁ ለኤልሳቤት። ለስትራትፎርድ ድሆች 10 ፓውንድ። አብረውት ለሠሩት ሦስት ተዋንያን ለሄሚንጅስ፣ ለበርቤጅና ለኮንዴል እያንዳንዳቸው 26 ሽልንግ ከ8 ፔንስ፣ የማስታወሻ ቀለበት እንዲገዙበት። ይቺም በመስመር መሃል የተጨመረች ናት። ሄሚንጅስና ኮንዴል በኋላ፣ በ1623፣ ተውኔቶቹን ሰብስበው ባያሳትሙ ኖሮ ግማሾቹ ጨርሶ ላይደርሱን ይችሉ ነበር። አንድ ሌላ ወዳጅ ደግሞ፣ ሪቻርድ ታይለር፣ ስሙ ተጽፎ ተሰርዟል። በቦታው ሃምኔት ሳድለር ገብቷል። የሞተው ልጅ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው ይባላል። ታይለር ምን አደረገ? ቤተሰቡ ስርዙን አይቶት ይሆን?

ዋናው ሀብት የሱዛና ነው። ትልቋ ልጅ፣ የሐኪሙ የጆን ሆል ሚስት። ኒው ፕሌስ የሚባለው ትልቁ ቤት፣ የሄንሊ ስትሪት ቤቶች፣ የስትራትፎርድ ዙሪያ መሬት፣ ለንደን ብላክፍራያርስ ያለው ቤት፣ ሁሉም። እዚህ ላይ ሰውየው ለዘላለም ማሰብ ይጀምራል። ከሱዛና በኋላ ለመጀመሪያ ወንድ ልጇ። እሱ ወራሽ ካጣ ለሁለተኛው። ከዚያ ለሦስተኛው። አራተኛ፣ አምስተኛ፣ ስድስተኛ፣ ሰባተኛ እያለ ይቆጥራል። ሱዛና ያኔ 32 ዓመቷ ነው። ያላት አንዲት የስምንት ዓመት ሴት ልጅ ናት። ሰባቱም ወንዶች ገና አልተወለዱም። አንዳቸውም አልተወለዱም፤ ሱዛና ከኤልሳቤት ሌላ ልጅ አላገኘችም።

ያልተወለዱትን በተራ ቁጥር እየዘረዘረ ያለው ሰው፣ ከጥቂት መስመሮች በፊት የተወለደ ልጅ ስም ጠፍቶበታል። እህቱ ጆአን ሃርት 20 ፓውንድ፣ ልብሶቹን ሁሉ፣ እና የምትኖርበትን የሄንሊ ስትሪት ቤት ዕድሜ ልኳን አግኝታለች። የዓመት ኪራዩ 12 ፔንስ ነው፤ ኪራይ ነው ለማለት ያህል። ሦስት ወንዶች ልጆቿ አምስት አምስት ፓውንድ ይደርሳቸዋል። ስማቸው ሲጻፍ «ዊልያም ሃርት፣ … ሃርት እና ማይክል ሃርት» ነው የሚለው። መሃል ላይ ባዶ ቦታ አለ። ጸሐፊው ጠይቆ ሊሞላው ትቶት ይሆናል፤ ማንም አልሞላውም። ልጁ ቶማስ ይባላል። አሥር ዓመት አልፎታል፣ የሚኖረውም እዚያው ከተማ ነው። አጎት ሆይ፣ ሰባቱን የሱዛና ወንዶች ትተህ የዚህን ልጅ ስም ብትጠይቅ ምን ነበረበት!

የቶማስ አባት ኤፕሪል 17 ተቀበረ። አጎቱ በሳምንቱ ተከተለ። እናቱ ጆአን እስከ 1646 እዚያው ቤት ኖረች።

የታሰረው ሁሉ እየተፈታ ሄደ። ጁዲት ሦስት ወንዶች ወለደች። የመጀመሪያው ሼክስፒር ኩዊኒ ተባለ፤ በሕፃንነቱ በ1617 ሞተ። ሁለቱ በ1639 ሞቱ። እሷ እስከ 1662 ቆየች። ሱዛናና ኤልሳቤት ያንን የወንድ ወራሾች ሰንሰለት በሕግ መንገድ ፈቱት። ኤልሳቤት ሁለት ጊዜ አግብታ፣ ሳትወልድ፣ በ1670 ሞተች። ኒው ፕሌስን በ1759 ባለቤቱ የነበረ አንድ ቄስ አፈረሰው።

ኤልሳቤትም ኑዛዜ ትታ ነበር። የሄንሊ ስትሪቶቹን ቤቶች፣ አያቷ የተወለደበት የሚባለውን ጭምር፣ ለዘመዶቿ ለቶማስ ሃርት፣ ከእሱም ለወንድሙ ለጆርጅ ሰጠች። የሟቹ የቶማስ ሃርት ልጆች ናቸው፤ የዚያ ስሙ ባዶ የተተወው ልጅ። የሃርት ቤተሰብ ቤቱን እስከ 1806 ይዞ ቆይቶ ሸጠው።