የአየር ውሃ ማሽን አያያዝ፦ ከኮይሉ እስከ ብርጭቆው

ዱባይ ሙቀቱ ሲከር አየሩ ራሱ ውሃ ነው። 30 ዲግሪ ሙቀትና 70 በመቶ እርጥበት ያለው አንድ ሜትር ኩብ አየር 21 ግራም ያህል ውሃ ይዟል። የአየር ውሃ ማሽን ይህን የሚወስደው እንደ ኤሲ ነው፦ ፋኑ አየሩን ይስባል፣ እርጥበቱ በቀዘቀዘው ኮይል (የተጠማዘዘ የብረት ቱቦ) ላይ ጤዛ ሆኖ ወደ ታችኛው ታንከር ይንጠባጠባል፣ ፓምፑ ደግሞ በማጣሪያዎችና ጀርም በሚገድል የዩቪ መብራት አሳልፎ ወደ ላይኛው ታንከር ያወጣዋል። ውሃ ማውጣቱን ማሽኑ ራሱ ይችልበታል፤ ንጽሕናው ግን የባለቤቱ ሥራ ነው። እኔ የምይዘው የቤት ማሽን ነው፤ ሁለቱ ታንከሮች ተደምረው 20 ሊትር ይይዛሉ።

ከኮይሉ የሚወርደው ውሃ ማዕድን የለሽ ነው ማለት ይቻላል፤ ክሎሪንም የለውም። የከተማ ቧንቧ ውሃ የቀረ ክሎሪን ስላለው መንገድ ላይ የሚገባበትን ጀርም ይቋቋማል። ይህኛው ጠባቂ የለውም፤ ታንከር ውስጥ የገባ ጀርም ተመቻችቶ ይራባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚሟሟበትም ትንሽ አሲድነት አለው፤ መዳብና እርሳስ ካገኘ ይልሳል።

ስለዚህ ሥራዬን የጀመርኩት ማሽኑ ከሚቆምበት ክፍል ነው። ማሽኑ አየሩን ሲስብ በአየሩ ያለውን ሁሉ ይስባል። ከወጥ ቤት፣ ከመጸዳጃ ቤትና ከድመት አሸዋ አርቄ፣ ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር አስለቅቄ አቆምኩት። ቡና ሲቆላ፣ ዕጣን ሲጨስ፣ ሽንኩርት ሲቁላላ ይጠፋል፤ ሽታው ከክፍሉ ከወጣ በኋላ ይበራል። አዲስ ቀለም የተቀባ ክፍል ውስጥ ጭራሽ አይሠራም። የመስታወት ማጽጃዎች ላይ አሞኒያ የሚል ካለ ከቤት ይውጣ። አሞኒያ ውሃ ውስጥ በቀላሉ ይሟሟል፣ ካርቦን ማጣሪያም በደንብ አይዘውም፤ ከአዲስ የቤት ዕቃ ጣውላ የሚወጣው ፎርማልዲሃይድም እንዲሁ። ብዙ ሰው ውሃው ሲሸተው ካርቦን ይቀይራል፣ ሽታው ይመለሳል፣ እንደገና ይቀይራል። ክፍሉን ሳያስተካክሉ ካርቦን መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

የአየር ማጣሪያውን በየሁለት ሳምንቱ፣ አቧራ ሲነሳ በየሳምንቱ አጥባለሁ። ሳይደርቅ አልመልሰውም፤ እርጥብ ማጣሪያ ሻጋታ ያበቅላል፣ ሻጋታው ደግሞ ቀጥታ ኮይሉ ላይ ያርፋል። ኮይሉን ለማጽዳት ማሽኑን ከሶኬት እነቅላለሁ፣ 20 ግራም ለምግብ የሚሆን ሲትሪክ አሲድ በ1 ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጬ እረጫለሁ፣ 10 ደቂቃ ቆይቼ በለስላሳ ብሩሽ አሽቼ ተፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ አለቀልቃለሁ። እጣቢው ወደ ታንከሩ እንዳይገባ ከሥሩ ሳፋ ይቀመጣል። ማሽኑ ከተነሳ በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያው 2 ሊትር ይደፋል። ለኤሲ የሚሸጠውን የኮይል ማጽጃ አረፋ እዚህ መጠቀም ፈጽሞ አይገባም።

በነገራችን ላይ፣ ከኤሲ ቱቦ የሚንጠባጠበውን ውሃ አጣርቶ መጠጣት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ ከባሕረ ሰላጤው አገሮች አይጠፋም። አይቻልም። የኤሲ ኮይል ለመጠጥ ተብሎ አልተሠራም፣ ብየዳው ምን እንዳለበት አይታወቅም፣ የሥሩ ትሪ ደግሞ የሚያሙለጨልጭ ዝቃጭ ማደሪያ ነው። ለካውያና ለአበባ ይበቃል።

ታንከሩን በሞቃቱ ወራት በየወሩ፣ በሌላው ጊዜ በየሦስት ወሩ በክሎሪን አክማለሁ። ቅደም ተከተሉን ማዛባት ሥራውን ያበላሻል። አስቀድሜ ካርቦን ማጣሪያውንና ሜምብሬኑን (ስሱን የማጣሪያ ሽፋን) አወጣለሁ፦ ካርቦን ክሎሪኑን ይበላዋል፣ ሜምብሬንን ደግሞ ክሎሪኑ ይበላዋል። የሙቅ ውሃውን ማብሪያ አጠፋለሁ። ከዚያ የታንከሩን ግድግዳ፣ በተለይ የክዳኑን ጎማና የመንሳፈፊያውን ሥር፣ በስፖንጅ እፈትጋለሁ። ያ የሚያሙለጨልጭ ሽፋን ካልተነሳ ክሎሪን ከሥሩ ያሉትን ጀርሞች አያገኛቸውም። ቀጥሎ ሽታ ያልተጨመረበት 5 በመቶ በረኪና በሊትር 1 ሚሊ ሊትር፣ ለ20 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ለክቼ እጨምራለሁ፤ ይህ በሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን ይሰጣል። ፓምፑን 10 ደቂቃ አስነስቼ በየቧንቧው የክሎሪን ሽታ እስኪመጣ እከፍታለሁ፣ 4 ሰዓት አቆየዋለሁ፣ ከዚያ ሽታው እስኪጠፋ ደጋግሜ አለቀልቃለሁ። በረኪና ከሲትሪክ አሲድ፣ ከኮምጣጤ ወይም ከአሞኒያ ጋር ከተገናኘ መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ ኮይሉንና ታንከሩን በአንድ ቀን የማላጸዳው ለዚህ ነው።

የዩቪ መብራት ሰማያዊ ሆኖ እየበራም ሊደክም ይችላል። ብዙዎቹ ለ9,000 ሰዓት፣ ማለትም ለአንድ ዓመት ያህል የተሠሩ ናቸው፤ የተገጠመበትን ቀን ጀርባው ላይ ጽፌ እለጥፋለሁ። የመስታወት ቱቦውን በጣት ሳልነካ በአልኮል አብሳለሁ። ዩቪ የሚገድለው በፊቱ የሚያልፈውን ብቻ ስለሆነ፣ ማንም ባይቀዳም ውሃው እንዲዞር የማሽኑን የማዞሪያ ፕሮግራም አላጠፋም።

አሁን ወደ ቲዲኤስ መለኪያው። ቁጥሩ 10 ሲያሳይ ሰው ይደሰታል። መለኪያው የሚያየው የተሟሟ ጨውን ነው፤ ጀርም አያይም፣ ፎርማልዲሃይድም አያይም። እኔ የምጠቀምበት ለውጥ ለማወቅ ነው፤ ያለ ምክንያት ከጨመረ አንድ ነገር እየተሟሟ ነው። የጀርሙ ነገር በላቦራቶሪ ይታያል፦ የቧንቧውን አፍ በአልኮል ጠርጌ፣ 1 ደቂቃ አፍስሼ፣ በላቦራቶሪው ንጹሕ ጠርሙስ ቀድቼ በበረዶ አደርሳለሁ። በ100 ሚሊ ሊትር ኢ-ኮላይ (የሰገራ ብክለት ምልክት የሆነው ባክቴሪያ) ዜሮ መሆን አለበት። ማሽኑ አዲስ ሲገባ ለብረታ ብረት ምርመራ ጠዋት ሳይፈስ የመጀመሪያውን ውሃ እወስዳለሁ፤ በዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ መዳብ በሊትር ከ2 ሚሊ ግራም፣ እርሳስ ከ0.01 ሚሊ ግራም ማለፍ የለበትም። አሲድነቱን የሚያስተካክለው የካልሳይት (የኖራ ድንጋይ ማዕድን) ማጣሪያ ነው፤ ካልሲየምም ይጨምራል፣ ጣዕሙም ይሻሻላል። ጡጦ የሚጠጣ ሕፃን ባለበት ቤት ከአሞኒያ ሊመጣ የሚችለው ናይትራይትም ይመርመር።

ለእረፍት አገር ቤት ሲኬድ ማሽኑ ውሃ ይዞ አይቀመጥ። ሁለቱም ታንከሮች ባዶ ይሁኑ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ይድረቅ፣ አሮጌው ካርቦን ይጣል፤ እርጥብ ሆኖ የቆመ ካርቦን የባክቴሪያ ጎጆ ነው። ሲመለሱ ከክሎሪን ሕክምናው ይጀመራል።

ማሽኑን አዲስ አበባ ለመላክ ለሚያስብ፦ በ20 ዲግሪና በ45 በመቶ እርጥበት አየሩ በሜትር ኩብ 8 ግራም እንኳ አይሞላም፤ ጤዛ የሚጀምረውም 8 ዲግሪ ግድም ነው። ኮይሉ ከዚያ በጣም መቀዝቀዝ ስላለበት በረዶ ይሠራል። ከማሽን ሌላ የመረብ መንገድም አለ፦ በ2015 እ.ኤ.አ. ዶርዜ ላይ የቆመው የቀርከሃ ዋርካ ማማ ጤዛን፣ ጉምንና ዝናብን ያለ ኤሌክትሪክ በመረብ እንዲሰበስብ የታሰበ ነው። መረብም የአቧራና የወፍ ኩስ ጉዳይ ስላለው የመጀመሪያው እጣቢ ተደፍቶ ቀሪው መታከም አለበት።

መብራት ሲጠፋ ዩቪውም ዝውውሩም ይቆማል፣ ታንከሩም ይሞቃል። ለጥቂት ሰዓታት ከሆነ ውሃውን አፍልቶ መጠቀም ነው። ማፍላት ካልተቻለ ለ20 ሊትር 0.8 ሚሊ ሊትር የ5 በመቶ በረኪና በንጹሕ ጄሪካን ጨምሮ 30 ደቂቃ መጠበቅ ነው። ከአንድ ቀን በላይ ከቆየ ግን ታንከሩን ደፍቼ መብራቱ ሲመጣ ከማጠብ እጀምራለሁ።