ያልተቀመጠው መቁጠሪያ

ደሴ ሥራ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ክረምት። ጉሙ ከጦሳ ወርዶ የፊዚዮቴራፒ ክፍላችን መስኮት ላይ ተኝቷል። ከሐይቅ በኩል የመጡ አንድ አባት ቀኝ ክንዳቸው እስከ ጣታቸው እየደነዘዘ አስቸግሯቸዋል።

«አባባ፣ እጅዎን ትራሱ ላይ ያሳርፉልኝ» አልኳቸው። መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ከተው አሳረፉ። የጣቶቻቸውን ጫፍ በጣቶቼ ደግፌ፣ የራሴን ጣት በመዶሻው መታ አደረግሁ። ጡንቻው ድንገት ሲሳብ ጣታቸው ሳያዙት ጨበጥ ማለት ነበረበት፤ ሪፍሌክስ የሚባለው ይህ ነው። ምንም። ደገምኩ። ግራውንም ሞከርኩ። ካርዱ ላይ «ሪፍሌክስ፦ በሁለቱም የለም» ብዬ ጽፌ ወደ ነርቭ ሐኪም ሪፈር ልሞላ ጀመርኩ።

የክፍላችን ኃላፊ፣ ጋሼ የምንለው፣ ከኋላዬ ቆሞ ያያል። «አውራ ጣታቸውን ተመልከት» አለኝ።

ለካ መቁጠሪያውን ያስቀመጡት እሳቸው እንጂ ጣቶቻቸው አይደሉም። አውራ ጣታቸው ሌባ ጣታቸው ላይ ቀስ እያለ የሌለ ዶቃ ይገፋል።

«አባባ፣ ዚክሩን ትንሽ ያቆዩልኝ» አላቸው ጋሼ። ሳቁ። «ወላሂ፣ እየቆጠርኩ መሆኑን አላወቅኩም!» ከዚያ ጥርሳቸውን ነከስ አስደርጎ መታ። ጣቶቻቸው ዘለል ብለው ጨበጡ። «እኔ አይደለሁም የጨበጥኩት» አሉ ደንግጠው። ግራውም እኩል መለሰ።

ጥርስ ማስነከሱን ፈተና ላይ ጽፌ ማርክ አግኝቼበታለሁ። የንድራሺክ የሚባል የሃንጋሪ ሐኪም በ1880ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስተዋወቀው፣ ሪፍሌክስን ጎላ አድርጎ የሚያወጣ ዘዴ ዘመድ ነው። እውነተኛ እጅ ፊት ስቀመጥ ግን ጠፋኝ።

ቡና ላይ ጋሼ አስረዳኝ። ጡንቻ ውስጥ መሳብን የሚለኩ ረቂቅ አካላት አሉ። ድንገት ሲሳቡ ለኅብለ ሰረሰር ይናገራሉ፤ የመጀመሪያው መልስ እጅ ላይ በ30 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ይደርሳል። ከ50 ሚሊ ሰከንድ በኋላ የሚመጣ ሌላ መልስ አለ፤ እሱ አንጎል ድረስ ደርሶ የሚመለስ ነው፣ ሰውየው «ያዝ» ወይም «ልቀቅ» መባሉም ይለውጠዋል። ሃሞንድ የተባለ ተመራማሪ ይህን በ1956 እ.ኤ.አ. ክንድ ላይ አሳይቷል።

«እጅ አንድ ነገር ጸጥ ብሎ ሲይዝና ሲንቀሳቀስ እኩል አይመልስም» አለ ጋሼ። «ሲንቀሳቀስ ብዙ ጊዜ መልሱን ዝቅ ያደርገዋል። ባያደርገውማ ጣትህን ባጠፍክ ቁጥር የሚሳበው ጡንቻ እየተነሳ ይገትርህ ነበር። ደሞ የጣት ሪፍሌክስ ጤነኛ ሰው ላይም ላይታይ ይችላል። በሁለቱም እጅ ከጠፋ፣ መጀመሪያ አመታትህን ጠርጥር።»

«የለም» የሚለውን ሰርዤ ፈረምኩበት። ሪፈሩን ቀደድኩት፤ ድንዛዜው ከአንገታቸው የሚመጣ ስለመሰለን ለአንገታቸው እንቅስቃሴ ጀመርንላቸው።

ሲወጡ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ዶቃዎቹን አገላበጡ። «አብሽር ልጄ፣ እኔም ስንት ላይ እንደደረስኩ ጠፍቶኛል።»