ዕዳዬን በልጄ ደብተር ላይ የጻፍሁ ዕለት

አባቴ ሲያርፉ በደብረ ብርሃን ከተማ መምህር ነበርሁ። ተዝካራቸውን መንዝ ውስጥ በትውልድ ቀበሌያችን ስናወጣ፣ በጉም ጠላውም ካሰብነው በላይ ሆነና ወጪው ከአቅሜ አለፈ። ጎደሎውን ለመሙላት ከአንድ አራጣ አበዳሪ 20,000 ብር ተበደርሁ፤ ወለዱ በወር ከመቶው 10 ብር ነበር። አበዳሪው የመጀመሪያውን ወር ወለድ አስቀድሞ ስለቆረጠ እጄ የገባው 18,000 ብር ብቻ ሲሆን፣ የፈረምሁበት ወረቀት ግን 20,000 ብር ይላል፤ ስለ ወለድ አንዲት ቃል የለበትም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከ500 ብር የሚበልጥ ብድር በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ስለሚፈልግ፣ ወረቀቱ ለአበዳሪው ማስረጃው ነው፤ አራጣ ወንጀል በመሆኑ ደግሞ ያው ወረቀት ወንጀሉን ይሸሽግለታል። ይህን የተረዳሁት ከፈረምሁ በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ስምንት ወር ሙሉ በየወሩ 2,000 ብር ከፈልሁ። 16,000 ብር ከእጄ ወጥቶ ዋናው ገንዘብ ንቅንቅ አላለም።

አንድ ምሽት በልጄ ደብተር አንድ ገጽ ላይ፣ ለማን ምን ያህል እንዳለብኝ፣ በወር ስንት እንደምከፍልና መቼ እንደሚያልቅ መጻፍ ጀመርሁ። አራጣውንና የባለሱቁን 2,400 ብር ዱቤ ጽፌ እንደጨረስሁ ባለቤቴ «ዕቁቡስ?» አለችኝ። ዕቁብ ቁጠባ እንጂ ዕዳ አይደለም ብዬ ተከራከርሁ። «ብሩን ወስደህ ጨርሰኸው፣ ወር በመጣ ቁጥር የምትጥለው ዕዳ ካልሆነ ምንድን ነው?» ስትለኝ መልስ አጣሁ። አሥር ሆነን በየወሩ 1,000 ብር እንጥል ነበርና፣ ዕጣው በሁለተኛው ወር ስለደረሰኝ ያን ዕለት የስምንት ወር ተበዳሪ ሆኜ ነበር። ዕቁብ ቀድሞ ለደረሰው ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ ቁጠባ የሚሆነው መጨረሻ ለሚደርሰው ነው። ዋስ የሚጠራውም ለዚህ መሆኑን እያወቅሁ ልብ አላልሁትም ነበር።

ደብተሩን ከጻፍሁ በኋላም አንድ ስሕተት ሠራሁ። ባለሱቁን ጠዋት ማታ ስለማገኘው አፍሬ፣ ያለችኝን ገንዘብ ቅድሚያ ለእርሱ ከፈልሁ። ዱቤው ሐፍረት ነበረው እንጂ ወለድ አልነበረውም።

ያዳነኝ አባል የሆንሁበት የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው። ወለዱ በዓመት 15 ከመቶ ሲሆን የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነበር። አራጣውን ለመዝጋት ከማኅበሩ የተበደርሁትን 20,000 ብር በ12 ወር ስከፍል፣ የመጀመሪያው ወር ክፍያ ከዋናው 1,667 ብር፣ ከወለዱ 250 ብር፣ በድምሩ 1,917 ብር መጣ። ጸሐፊው ሒሳቡን ሲያሳየኝ ደግሞ እንዲደምር ለመንሁት፤ ዋናውን እያቃለለ የሚሄደው ሙሉ ክፍያ፣ ለአራጣ ወለድ ብቻ ከምገብረው ያንስ ነበርና። የዓመቱ ወለድ ወደ 1,625 ብር ነው። ያው 15 ከመቶ እስከ መጨረሻው በመጀመሪያው ብድር ላይ ቢሰላ ግን 3,000 ብር ይሆን ነበር፤ ስለዚህ አሁን ከወለዱ መጠን ይልቅ አሰላሉን አስቀድሜ እጠይቃለሁ።

ለአበዳሪው ገንዘቡን የመለስሁት ሁለት ምስክሮች ባሉበት ነው። የፈረምሁበትን ወረቀት ተቀብዬ፣ መክፈሌንም በጽሑፍ አስፈረምሁት፤ ቅር ቢለውም ፈረመ።

የአባቴ ሙት ዓመት ሲቃረብ ደብተሩን ይዤ ወደ እናቴ ወረድሁ። «እማዬ፣ ካህናቱንና የቅርብ ዘመድ ብቻ እንጥራ» አልኋቸው። ማንበብ ባይችሉም ገጹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ «ሰው ምን ይላል?» አሉና፣ ጥቂት ቆይተው ለጠላው የሚበቃውን ገብስ ከጎታቸው ሰፍረው አወጡ። ከለመዱት ግማሽ ያህል ነበር።