ሰዓት፣ ስምና ቡና፦ ከጅማ ወደ ውጭ ለሚወጣ ሰው

«ውጭ አገር ዓይን ይከፍታል» ይባላል። አንዳንዱን ግን ሳይከፍትለት ይመልሰዋል። በስብሰባ ሰበብ በሳምንት ሦስት ከተማ አይቶ፣ ሁለት መቶ ፎቶ አንስቶ፣ በሻንጣ ኪሎ ተጨቃጭቆ ይመጣል፤ ሐሳቡ ግን ሲሄድ የነበረው ነው። ሌላው አንድ ከተማ ውስጥ ስምንት ወር ተቀምጦ፣ ስመ ጥሩውን ሐውልት እንኳ ሳያይ፣ ነገር ሲመዝን ተለውጦ ይመለሳል።

ይህን የፈተሹ ተመራማሪዎች አሉ። ማዱክስና ጋሊንስኪ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጥናት ለተማሪዎች ሻማ፣ ክብሪትና በሳጥን የተሞሉ ትንንሽ ሚስማሮች ሰጥተው «ሻማውን ግድግዳ ላይ አቁሙ፣ ሰሙ መሬት እንዳይንጠባጠብ» አሏቸው። መልሱ ሳጥኑን ባዶ አድርጎ ግድግዳው ላይ መምታትና ሻማውን እሱ ላይ ማቆም ነው። ውጭ አገር ረዘም ላለ ጊዜ የኖሩት መልሱን የማግኘት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ተገኘ፤ በጉብኝት ያሳለፉት ጊዜ ግን ለውጥ አላሳየም። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ ጥናትም ሰው ራሱን ጠንቅቆ በማወቁ ላይ የሚመዝነው የረገጠው አገር ብዛት ሳይሆን የቆየበት ጊዜ ርዝመት እንደሆነ አሳይቷል። ስለዚህ ምርጫው በእጁ የሆነ ሰው፣ አራት አገር የሚያዞረውን ሥልጠና ትቶ አንድ ቦታ ሦስት ወር የሚያስቀምጠውን ቢይዝ ይሻላል።

የመጀመሪያው ትምህርት ግን ገና ሳይወጡ ፎርም ላይ ይጠብቃል። እኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የሚባል የለም፤ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። ፎርሙ የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ አያት እዚያ ይገባሉ። እዚያ ሲደረስ ክሊኒክ ውስጥ «ሚስተር አባመጫ!» ተብሎ ይጠራል። ባለጉዳዩ አያቱ የተጠሩ ያህል ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ ተራው ያልፋል። አባትና ልጅ አብረው ሲጓዙ ደግሞ የቤተሰብ ስማቸው ስለማይገጥም ጥያቄ ይነሳል፤ የልጁን የልደት የምስክር ወረቀት ተተርጉሞና ተረጋግጦ በእጅ ሻንጣ መያዝ ነው።

በጅማ ሌላም ጣጣ አለ፤ ቁቤ፣ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል። ጫልቱ በቁቤ ስትጻፍ በ«ሲ» ብቻ ትጀምርና አናባቢዎቿ ይደረባሉ፤ በእንግሊዝኛ በተጻፈው የትምህርት ማስረጃዋ ላይ «ሲ» እና «ኤች» ተከታትለው አናባቢው ነጠላ ነው። ለእኛ አንድ ሰው ናት፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት። ፓስፖርት ከመውጣቱ በፊት መታወቂያን፣ የልደት ማስረጃንና ትራንስክሪፕትን ጎን ለጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማመሳከር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ከወጣ በኋላ ማስተካከል ግን ወራት ሊበላ ይችላል።

የልደት ቀንም እንዲሁ። ጥር 1 ቀን 1990 የተወለደ ሰው በፈረንጅ ጃንዋሪ 9 ቀን 1998 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ ወዲህ 8። ብዙው ሰው የሚሳሳተው ዓመቱን ደምሮ ቀኑንና ወሩን እንዳለ ሲተው ነው። ጥር አምስተኛ ወራችን ስለሆነ ቀኑ 1/5 ተብሎ ይጻፋል። ያን አውሮፓዊ ሜይ 1 ብሎ ያነበዋል፣ አሜሪካዊ ጃንዋሪ 5 ብሎ፤ ሁለቱም ስህተት።

ሰዓታችን ደግሞ መሳቂያ ይሆናል። «ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናችሁ» የሚል ቀልድ አይጠፋም፤ የኛም ሰው አፍሮ አብሮ ይስቃል። ስቶክሆልም ታኅሣሥ ላይ ለከረመ ሰው ግን ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ፀሐይ በኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡45 ገደማ ወጥታ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች። በሰኔ ደግሞ ከሌሊቱ 9፡30 ላይ ወጥታ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ትቆያለች። እዚያ ከንጋት የሚቆጥር ሰዓት ቢኖር ማንም አይግባባም ነበር። ጅማ ግን ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የምትወጣው ከ12 ሰዓት ከሩብ እስከ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሆነ፣ ቀንን ከንጋት መቁጠር ከሰማዩ ጋር የሚስማማ ሥሌት ነው። ልማድ ብቻ የሚመስለን ነገር ምክንያት እንዳለው የሚገባን ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የማይሠራበት ቦታ ስንቆም ነው። (ጿሚውም ይህን ያውቀው፤ ረመዳን በሰሜን አውሮፓ በጋ ላይ ሲውል ጾሙ 18 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይረዝማል።)

ከሁሉ የሚያስቸግረው «እሺ» ናት። እኛ ቤት «እሺ፣ እናያለን» ብዙ ጊዜ በጨዋ ደንብ የተነገረ እምቢታ ነው። አለቃው ሆላንዳዊ ከሆነ ግን «እሺ»ን ቃል ኪዳን አድርጎ ይመዘግብና አርብ ይጠይቃል። ሥራው አልተሠራም፤ እሱ ዋሾ ያገኘ ይመስለዋል፣ የኛው ሰው የተዋረደ ይመስለዋል። መድኃኒቱ አንድ ዓረፍተ ነገር ማጥናት ነው፤ «እስከ አርብ አልችልም፣ ማክሰኞ ግን እችላለሁ»። መጀመሪያ አፍ ላይ እንደ ስድብ ይከብዳል። በትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንለውንም ፈረንጅ ድንጋጤ ይመስለዋል። ሰሜን ስዊድን ያሉ ሰዎች ግን እንደኛው ወደ ውስጥ ስበው አዎ ይላሉና፣ እዚያ የሄደ ዘመድ ያገኘ ያህል ይሰማዋል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሁሉም ነገር ያምራል። ከዚያ ምግቡ አፈር አፈር ይላል፣ ሰው ሁሉ ክፉ ይመስላል። አንትሮፖሎጂስቱ ካሌርቮ ኦበርግ እ.ኤ.አ. በ1960 ይህን ደረጃ በደረጃ ጽፎታል፤ የሚጠበቅ ነገር እንጂ የነፍስ ድክመት አይደለም። አደገኛው ያኔ በር ዘግቶ ከማታ እስከ እኩለ ሌሊት ስልክ ላይ ከቤተሰብ ጋር መዋል ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ፣ ውጭ የተማሩ ጀርመናውያንን የተከታተለ ጥናት ለባሕርይ ለውጡ ትልቁን ድርሻ የሰጠው እዚያ ለተመሠረተ አዲስ ወዳጅነት ነው። ወደ ቤት መደወያውን በሳምንት ሦስት ቀን መወሰን፣ ሽንኩርቱን ሁልጊዜ ከአንድ ሻጭ መግዛት፤ ወዳጅነት ከዚህ ይጀምራል። ማታ ደግሞ ደብተር ላይ ሦስት መስመር፤ ምን አየሁ፣ ምን መሰለኝ፣ የአገሩ ሰው ምን አለኝ። ሦስተኛው መስመር ለሳምንት ባዶ ከሆነ ሰው ሳይጠየቅ ተከርሟል ማለት ነው።

ለጅማ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ቤት ቡና ቀማሾች የሚሰባሰቡበት ጠረጴዛ ነው። በብዙ ከተማ ቡና ቆዪዎች ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቅምሻ ያዘጋጃሉ። 8.25 ግራም ቡና ተፈጭቶ 150 ሚሊ ሊትር፣ 93 ዲግሪ ገደማ የሆነ ውሃ ይፈስበታል። 4 ደቂቃ ይጠበቅና ላዩ ላይ የተጋገረው በማንኪያ ይሰበራል፤ አፍንጫ ሲኒው ላይ ይደፋል። ቀዝቀዝ ሲል በማንኪያ እየጨለፉ ጮክ ብሎ መሳብ ነው፤ እናት ብትሰማ የምትቆጣበት አሳሳብ እዚያ ሙያ ነው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ የለም፤ ዕጣን የለም፤ ወሬም የለም። ከተደረደሩት ሲኒዎች መሐል «ጅማ 5» የሚባለው ያልታጠበ፣ ማለት ከነቅርፊቱ የደረቀ፣ ቡና ሲመጣ «አፈር አፈር ይላል» ይባላል። ያማል። ከዚሁ ከዞናችን የሚወጣው የታጠበ ሊሙ ግን በራሱ ስም ተከብሮ ይሸጣል።

የአፈር ጣዕሙ ምክንያት ዛፉ አይደለም። እሸቱ ቀዩና አረንጓዴው ተደባልቆ ይለቀማል፤ ከዚያ መሬት ላይ ይሰጣል፤ ዝናብ ሲመታው ይሻግታል። ይህን በሰው ምላስ የሰማ ልጅ ጀንፈል (ከነቅርፊቱ የደረቀ ቡና) ሲያይ ከዚያ በኋላ እንደ ድሮው አያይም።

ተመልሶ ሲመጣ ግን አፉን መያዝ አለበት። ዘመድ «እንዴት ነው አገሩ?» ሲል የሚፈልገው የሁለት ደቂቃ መልስ ነው። «እዚያማ...» ብሎ ከጀመረ ሦስተኛው ላይ ሰው ሲኒውን ያስቀምጣል። ሽማግሌ ሲገቡ «ኖር!» ብሎ መነሳቱን ከረሳ ደግሞ የሚናገረውን ማንም አይሰማውም። ይልቅ አንድ የቡና ማድረቂያ አልጋ ይሥራ፤ ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ፣ የእንጨት ቋሚ፣ ላዩ ሽቦ ወንፊት። ቀዩ ብቻ ተለቅሞ ከ4 ሴንቲ ሜትር ባልበለጠ ውፍረት ይሰጣል፤ በቀን ደጋግሞ ይገላበጣል፤ ማታና ዝናብ ሲመጣ በሸራ ይሸፈናል። ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል፤ እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ ሲደርስ ይነሳል። መሬት ላይ ከደረቀው ጋር በሁለት ጀበና አፍልቶ ለአጎቶቹ ሳይነግር ያስቀምሳቸው። ለቀማው ጥቅምት ላይ ስለሚጀምር እንጨቱን በመስከረም ማዘጋጀት ይበቃል።