አክቲቭ ስፒከር ድሬዳዋ ላይ ያዋጣል ወይ?

ይህን የምጽፈው አክቲቭ ስፒከር፣ ማለትም የድምፁን ሲግናል የሚያጎሉት አምፕሊፋየሮች ውስጡ ያሉበትን ስፒከር፣ ለመግዛት ገንዘብ እያጠራቀመ ላለ የድሬ ሰው ነው። እኔ ስገዛ ስለ ድምፁ ያልመከረኝ ሰው አልነበረም፤ ስለ መብራቱ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

ግዢው ራሱ ቀላል ነበር። እዚሁ ድሬ ታይዋን በሚባለው ገበያ የሚነግድ አንድ የማውቀው ሰው አስመጣልኝ፤ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራው በ120 ቮልት ስለሚሠራ፣ ከጀርባው 220 ቮልት የሚል መሆኑን አይቼ፣ አስከፍቼ ሰምቼ ከፈልኩ።

ገበያ ላይ ሶኬት ያለው ስፒከር ሁሉ አክቲቭ ይባላል፤ እውነቱ ግን ሌላ ነው። ተራው ማለትም ፓሲቩ፣ ኃይሉን ከውጭ አምፕሊፋየር ተቀብሎ፣ በሳጥኑ ውስጥ ባለው ክሮስኦቨር ወፍራሙን ድምፅ ወደ ዉፈሩ፣ ቀጭኑን ወደ ትዊተሩ ይልካል። በአክቲቩ ይህ ክፍፍል የሚፈጸመው ሲግናሉ ገና ደካማ ሳለ፣ ከአምፕሊፋየሩ በፊት ነው፤ ዉፈሩም ትዊተሩም የየራሳቸው አምፕሊፋየር አላቸው። ለምሳሌ ያማሃ ኤችኤስ 5 ለዉፈሩ 45 ዋት፣ ለትዊተሩ 25 ዋት መድቦ፣ ድምፁን 2 ኪሎኸርዝ ላይ ይከፍለዋል። ስለዚህ ከሁለቱ ስፒከሮች የመብራት ገመድ ያለው አንዱ ብቻ ሆኖ፣ ወደ ሌላው ባለ ሁለት ክር ተራ ሽቦ የሚሄድ ከሆነ፣ ሻጩ ምንም ቢምል የያዛችሁት አምፕሊፋየር የተጨመረበት ፓሲቭ ነው።

በድምፁ በኩል ቅሬታ የለኝም። ከካሴት ዘመን የተረፈ የኡድ ቅጂ ሳጫውት፣ መምቻው ክሩን ሲነካና ክሩ ሲመልስ ለየብቻ ይሰማኛል፤ ጓደኛዬ ቤት ባሉት ትልልቅ ፓሲቮች ያው ቅጂ ወፍራም ድምፁ ገኖ፣ መምቻው ይጠፋል። የከዚራ ሰፈር ቤቶች ግድግዳ ወፍራም፣ ወለላቸውም ጠንካራ ስለሆነ ባሱ ጥግ ላይ ሲከማች ያጉረመርማል፤ ከጀርባ ባለው ማስተካከያ ባሱን መቀነስ ስፒከሩን ሳሎን መሀል ከመገተር ይሻላል፣ መመሪያው ከግድግዳ አርቁት ቢልም። ለአየር አንድ ስንዝር ተዉለት፤ አምፕሊፋየሩ ጀርባው ላይ ነው፣ የድሬን የግንቦት ሙቀት ደግሞ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

አንድ ቀን መብራት ሄዶ ሲመለስ አምፖሎቹ ከወትሮው በላይ ነጡ፤ ፍሪጁ አጓራ፤ ከግራው ስፒከር ጀርባ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰማና የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ሽታ ሳሎኑን ሞላው። ሙዚቃ እየተጫወተ አልነበረም። ነገር ግን ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ስፒከሮች ሲግናል ሲጠፋ ራሳቸው ወደ ተጠባባቂነት ይገባሉ፤ የአውሮፓ ደንብ ከ2013 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዚህ ሁኔታ ያለ የቤት ዕቃ የሚወስደውን ኃይል በአብዛኛው በ0.5 ዋት ስለገደበ፣ አምራቾቹ በዚህ ይኮራሉ። መመሪያውም ነቅሎ መሰካት አያስፈልግም ይላል። ተጠባባቂ ማለት ግን ከመስመሩ ጋር እንደተገናኘ መቆየት ማለት ነው።

የሆነው ይህ ነው፦ ምሰሶው ላይ የሰፈራችን ኒውትራል፣ ማለትም ቤቶቹ በጋራ የሚጠቀሙበት የመመለሻ ሽቦ፣ ተላቆ ነበር። ኒውትራል ሲላቀቅ በሁለት ፌዞች (መብራት በሚያመጡት ሽቦዎች) መካከል ያለው 380 ቮልት እንደየቤቱ ጭነት ይከፋፈላል፤ ጥቂት ዕቃ የከፈተ ቤት ብዙውን ይቀበላል። 220 ቮልት ወደ ዲሲ ሲቀየር ጫፉ 310 ገደማ ስለሆነ፣ በስፒከሩ መግቢያ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ክፍል) ብዙ ጊዜ ለ400 ቮልት የተሠራ ነው፤ ወደ 380 የተጠጋ ሲመጣበት ግን ከ500 በላይ ይሆንና ካፓሲተሩ አይችለውም።

የመብራት ሠራተኞች መጥተው ሽቦውን አጠበቁና «መብራት መጥቷል አይደል?» ብለው ሄዱ። ካሳ ልጠይቅ ማመልከቻ ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። አንደኛው መስኮት የግዢ ደረሰኝ አለኝ፤ ሰጠሁ። ሁለተኛው ከባለሙያ የተጻፈ ማረጋገጫ አለኝ፤ አመጣሁ። ሦስተኛው ደግሞ የባለሙያውን የንግድ ፈቃድ ጠየቀና፣ ቀጥሎም የዕለቱ ብልሽት መዝገብ ላይ ስላልሰፈረ ብልሽት እንደነበረ ማረጋገጥ አይቻልም አለኝ። ሽቦውን ያጠበቁት የራሳቸው ሰዎች ናቸው! ማመልከቻዬ እስከ ዛሬ «ለክፍሉ ተመርቷል» እንደተባለ ነው።

ጥገናው ከዚህ ባልተናነሰ አሳረረኝ። የመጀመሪያው፣ የቴፕ ጠጋኝ፣ ጀርባውን ፈቶ፣ አምፕሊፋየሩን አውጥቶ ዉፈሩንና ትዊተሩን በአንድ ሽቦ ከውጭ አምፕሊፋየር ጋር ሊያገናኝልኝ ተነሣ። በሳጥኑ ውስጥ ክሮስኦቨር ስለሌለ ባሱ በሙሉ ወደ ትዊተሩ ይገባና፣ ድምፁ ከፍ ባለ ሰዓት ትዊተሩ ይቃጠላል። ይህን ስነግረው «አቦ፣ አንተ ካወቅክ ለምን አመጣኸው?» አለኝ። በመጨረሻ ያዳነኝ ቴሌቪዥን የሚጠግን ሰው ነው፤ የስፒከሩ ፓወር ሰፕላይ (የግድግዳውን መብራት ለውስጡ የሚያመቻቸው ክፍል) ከዘመኑ ቴሌቪዥን ፓወር ሰፕላይ ብዙም ስለማይለይ ፊውዙን፣ ካፓሲተሩን፣ ዳዮዶቹንና ሞስፌቱን ቀይሮ አስነሣው። ስለዚህ አክቲቭ ሲበላሽባችሁ የቴፕ ጠጋኝን ዝለሉት።

ፓሲቭ ያለው ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ይስቅብኛል፦ «የእኔ አምፕሊፋየር ቢቃጠል ሌላ እሰካለሁ፤ ያንተ ሲቃጠል ስፒከርህም ይደነቁራል።» በዚህ እውነት አለው። ሆኖም የእርሱን ድምፅ ከእኔ ጋር ለማስተካከል አምፕሊፋየሩንም ስፒከሩንም መቀየር አለበት፤ ያ ደግሞ ከእኔ ግዢና ጥገና ድምር ይበልጣል። እኔ ዛሬም ብገዛ አክቲቭ ነው የምገዛው፤ ግን ከስፒከሩ በፊት መከላከያውን።

መከላከያ ስል ስታቢላይዘር ማለቴ አይደለም። ቢሮውም ባለሱቁም ስታቢላይዘር ግዙ ይላሉ፤ በየሱቁ ያለው ባለ ሪሌይ ስታቢላይዘር ግን የሚያስተካክለው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 260 ቮልት ገደማ ነው፤ ኒውትራል ሲላቀቅ የሚመጣው ከዚያ በላይ ነው። የሚያስፈልገው ቮልቴጅ ሲበዛ መስመሩን ቆርጦ፣ እስኪረጋ ጠብቆ የሚመልስ፣ ከቆጣሪው ቀጥሎ ከብሬከሩ ጎን የሚገጠም መቁረጫ ነው። እርሱም ኖሮ፣ መብራት ሲሄድ ዲቫይደሩን ከግድግዳ ንቀሉ፤ መመሪያው ምንም ይበል።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ከድምፁ በፊት የጀርባውን ብሎኖች እዩ። ጭንቅላታቸው የተላጠ ከሆነ ሌላ ሰው ከፍቶታልና፣ ሻጩ ውስጡን ከፍቶ ካላሳያችሁ አትግዙ።