ከጥጥ፣ ከእንቁላል ካርቶንና ከቡና አተላ፦ ድክ ድክ ከሚሉ ልጆች ጋር እንስሳት መሥራት

ገና ድክ ድክ የሚል ወይም ሦስተኛ ዓመቱን ያልደፈነ ልጅ ያለው ወላጅ "ከልጄ ጋር በእጅ የሚሠራ ምን ልሥራ?" ብሎ ሲጠይቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው ምክር ወደ ገበያ የሚልክ ነው፤ ባለ ቀለም ወረቀት፣ የሚያብረቀርቅ ዱቄት፣ ተለጣፊ ዓይን፣ ልዩ ልዩ ሙጫ ግዛ ይባላል። እኔ ከሁለት ዓመት ልጄና ከታላቅ ወንድሟ ጋር እንስሳት የምሠራው በማዕድ ቤት መደርደሪያ ላይ ከሚገኝና ሊጣል ከተዘጋጀ ነገር ነው፤ የሚጎድልብን ነገርም የለም። በዚህ ዕድሜ ላለ ልጅ ደስታው ያለው በመቅደድ፣ በመንከር፣ በመቀባትና በመለጠፍ ውስጥ ስለሆነ፣ ዕቃውም ሆነ የሚሠራው እንስሳ መመረጥ ያለበት የልጁን እጅ ሥራ እንዲያበዛ፣ የእኛን ደግሞ እንዲያሳንስ ሆኖ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ዓመት ተኩል አካባቢ ያለ ልጅ ወረቀት ይቀድዳል፣ ትንሽ ነገር በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ ቆንጥሮ ያነሣል፣ ዕቃ ውስጥ ይከትታል፣ መልሶም ያወጣል። ሁለት ዓመት ሲሞላው እርሳስ በሙሉ መዳፉ ጨብጦ መስመርና ጥምዝምዝ ይሞነጭራል። መቀስ ከፍቶ መዝጋት የሚጀምረው ግን ወደ ሦስት ዓመት ሲጠጋ ነው፤ ያውም ጫፉ ደነዝ በሆነ የልጆች መቀስና አዋቂ አጠገቡ ተቀምጦ። ስለዚህ መቁረጡ የእኛ ድርሻ ነው፤ መቁረጥ ያለብንም ልጁን ከማስቀመጣችን በፊት ነው። ካርቶኑ ተቆርጦ፣ ሙጫው ቀዝቅዞ፣ ጥጡ ተነድፎ መጠበቅ አለበት፤ የልጅ ትዕግሥት የሚያልቀው በሥራው መካከል እኛ ዕቃ ስንፈላልግ ነውና። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ የ1 ዓመት ልጅ ስክሪን ፊት እንዲቀመጥ አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉትም በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ቢያንስም የተሻለ እንደሆነ ይናገራል። ምክሩን ሰምቶ ስልኩን መንጠቅ ቀላል ነው፤ በባዶው እጅ ምትክ የሚሰጥ ነገር ከሌለ ግን እራት እስኪደርስ ያለው ጊዜ ለእናትም ለልጅም ይከብዳል።

ሙጫውን እኔው ራሴ አዘጋጃለሁ፤ ልጆች ጣታቸውን እንደሚልሱ የታወቀ ስለሆነ የሱቁን ኮላ ለዚህ ዕድሜ አልመርጠውም። አንድ ስኒ የፉርኖ ዱቄት በአንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይጓጉል አድርጌ እበጠብጣለሁ፤ ከዚያም ሦስት ስኒ የፈላ ውኃ ላይ ቀስ እያልኩ ጨምሬ በለሰስ ያለ እሳት ላይ ሳላቋርጥ አማስለዋለሁ፤ ወፈር ያለ አጥሚት ሲመስል አወርደዋለሁ። ጥሬ ዱቄት ለሕመም የሚዳርግ ጀርም ሊኖርበት ስለሚችል፣ እንዲሁ በውኃ በጥብጦ ለልጅ መስጠት አይገባም፤ የበሰለው በተሻለ ሁኔታ ያጣብቃልም። ተከድኖ ማቀዝቀዣ ውስጥ ጥቂት ቀናት ይቆያል፤ ሽታው ከተለወጠ ይደፋል። ስንዴ ለማይስማማው ልጅ ቡላን በዚሁ መንገድ አማስሎ መጠቀም ይቻላል።

የመጀመሪያው እንስሳ በግ ቢሆን እመርጣለሁ። ልጁ በግን ያውቀዋል፤ በበዓል ሰሞን በሰፈሩ ሲነዳ አይቶታል፣ ሲጮህ ሰምቶታል፣ ምናልባትም ጠጉሩን ዳስሶታል። ፔንግዊን የማያውቅ ልጅ የወረቀት ፔንግዊን ቢሰጠው የሚያየው ጥቁርና ነጭ ወረቀት ብቻ ነው፤ በግ ሲሆን ግን ጥጡ ገና ከመለጠፉ በፊት ድምፁን ማውጣት ይጀምራል። ለአካሉ የፓስታ ወይም የብስኩት ካርቶን በአዋቂ መዳፍ ስፋት ሞላላ አድርጌ እቆርጣለሁ፤ ከሥሩ ሁለት የልብስ መቆንጠጫ ሲሰካበት እግር ይሆነውና ይቆማል። መቆንጠጫውን ተጭኖ መክፈት የጣትን ጉልበት ስለሚፈልግ ይህ የታላቅየው ሥራ ነው።

ልጄ ሙጫውን የምትቀባው በታጠበ አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። በጣት ከተቀባ ጥጡ ካርቶኑን ትቶ ጣቷ ላይ ይጣበቅና ትበሳጫለች፤ ስለዚህ ብሩሹን አስቀምጣ፣ እጇ በእርጥብ ጨርቅ ተጠርጎ፣ ከዚያ ወደ ጥጡ ትሻገራለች። አንዷን ቁራጭ ጥጥ ከፍ አድርጋ ይዛ "ባ!" ትላለች፤ ትለጥፋለች፤ በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች፤ ትነቅለውና ሌላ ቦታ ትለጥፈዋለች። የበጉ ግማሽ አካል ራቁቱን ቀርቶ ግማሹ በጥጥ ተራራ ቢሸፈን፣ ያ በግ አልቋል ማለት ነው። ዓይን እንዲሆኑት ሰፋ ሰፋ ያሉ ክብ ወረቀቶች ስሰጣት ሁለቱንም ከጭራው አጠገብ አደረገቻቸው። "በጉ ማንን ነው የሚያየው?" ብዬ ጠየቅኋት። "አንቺን" አለችኝ፤ እውነትም ጭራው ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ዓይኖቹ እዚያው ናቸው። የልጅን ሥራ ነቅሎ "ማስተካከል" ለልጁ የሚነግረው ነገር ቢኖር እጁ እንዳልበቃ ብቻ ስለሆነ፣ ወላጆች ከዚህ እንድንቆጠብ ከልቤ እማጠናለሁ።

ከእንቁላል ካርቶን የሚወጣው እንስሳ ብዛት ያስደንቃል። 30 እንቁላል የሚይዘው ካርቶን ላይ ያለው ጎድጓዳ ሁሉ ሲገለበጥ የኤሊ ጀርባ ነው፤ አራት አምስቱ ሳይነጣጠሉ በተርታ ሲቆረጡ አባጨጓሬ ይወጣቸዋል፤ በጎድጓዶቹ መካከል ብቅ ብቅ ያሉት ሾጣጣዎች ደግሞ የአውራ ዶሮ ምንቃር ይሆናሉ። ካርቶኑ ሸካራ ስለሆነ ቀለም ወዲያው ይመጥጣል፤ ልጁ ብሩሹን ነክቶ በለቀቀ ቁጥር ለውጡን ያያል። እንቁላል የፈሰሰበትን ወይም ኩስ ያለበትን ግን አልነካውም። ንጹሑንም ቢሆን ፀሐይ ላይ አቆየዋለሁ፤ ከሥራው በኋላ ሁላችንም እጃችንን በሳሙና እንታጠባለን።

ቀለም አልገዛም። አንድ የሻይ ማንኪያ እርድ በዱቄቱ ሙጫ ላይ ሲበጠበጥ ደማቅ ቢጫ ይሰጣል፤ የተቀቀለ ቀይ ሥር ውኃ ሮዝ ነው፤ ከጀበና ሥር የሚቀረው የቡና አተላ ደግሞ ቀለም ብቻ ሳይሆን ሸካራነትም አለው፤ በሙጫ ተለውሶ ሲደርቅ ጠጉር የመሰለ ነገር ይሆናል። በርበሬ ቀለሙ የቱንም ያህል ቢያምር ፈጽሞ አይገባበትም፤ በርበሬ የነካ የልጅ ጣት የሚሄደው ወደ ዓይን ነውና።

በቡና አተላ የሚያምረው አንበሳ ነው። የሶፍት ጥቅልል ካርቶን አካሉ ይሆናል፤ ፊቱ በእርድ የተቀባ ክብ ካርቶን ነው፤ ጎፈሩን ልጆቹ ከቡኒ የወረቀት ከረጢት በጣታቸው ቀድደው ይለጥፉና አተላውን ከላይ ይቀቡታል። አዲስ አበባ ስድስት ኪሎ በሚገኘው አንበሳ ግቢ የኖሩት አንበሶች ጎፈራቸው ጠቆር ያለና ከአንገታቸው አልፎ እስከ ደረትና ሆዳቸው የሚወርድ በመሆኑ ይታወቃሉ፤ ስለዚህ እኛ ቤት የሚሠራው አንበሳ ሆዱም ቡና ይቀባል። ጭላዳ ዝንጀሮም እንዲሁ ልዩ ምልክት ያለው ስለሆነ ለልጅ ይመቻል፤ ደረቱ ላይ ጠጉር የሌለበት ቀይ ቦታ አለው። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ ጭላዶች ሣር ሲነቅሉ ቁጭ ብለው ይታያሉ፤ ልጆቼ እዚያ አይተዋቸዋል። በጥቅልሉ ካርቶን ላይ አጭር አጭር ተደርጎ የተቆረጠ ቃጫ ለጠፍን፤ ከዚያም ልጄ አውራ ጣቷን ቀይ ሥር ውስጥ ነክራ ደረቱ ላይ ተጫነች። ጭላዳ ለመሆን የጎደለው ያ አንድ የጣት አሻራ ብቻ ነበር።

እናቴ ያደገችው ገጠር ነው። ጠረጴዛችንን ያየች ዕለት፣ "እኛ እኮ ልጄ ከወንዝ ዳር ጭቃ አምጥተን በሬውን፣ ላሙን፣ ጥጃውን እንሠራ ነበር፤ የሚያስቸግረን ቀንዱ ነበር" አለችኝና የተበላ በቆሎ ቆረቆንዳ አንሥታ አራት እንጨት ሰክታበት ላም አደረገችው። ልጆቹ ከማንኛውም ነገር ይልቅ ይህችን ላም ወደዱ። የእንጨቱ ጫፍ ስለሚወጋ እግሮቹን በጠበቀ የካርቶን ጥቅል ለወጥናቸው፤ ቆረቆንዳው ግን ሲወድቅም ሲረገጥም አይሰበርም። ጭቃ የሚያገኝ ቤተሰብ ካለ ጭድ ደባልቆ ቢያቦካው ሲደርቅ እንደማይሰነጣጠቅ እናቴ ትናገራለች፤ ለቤት ግድግዳም የሚደረገው ይኸው ነው። ጭቃ በሌለበት ኮንዶሚኒየም ብዙዎች ሁለት እጅ ዱቄት በአንድ እጅ ጨው አቡክተው ይጠቀማሉ። ይህ ሊጥ ያገኘውን ሁሉ ለሚበላ ልጅ አይሰጥ፤ ያን ያህል ጨው ትንሽ ልጅን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ስለ አደጋ ካነሣሁ ጥብቅ የምሆንበት ጉዳይ አለ። ዓይን ይሁነው ተብሎ ባቄላ፣ አተር፣ ቁልፍ ወይም ጨሌ ሦስት ዓመት ባልሞላው ልጅ ጠረጴዛ ላይ መቅረብ የለበትም። ቀላሉ መለኪያ የሶፍት ጥቅልሉ ራሱ ነው፦ በጥቅልሉ ውስጥ የሚያልፍ ጠጣር ነገር ሁሉ ጉሮሮ ሊዘጋ ይችላል። ባቄላና አተር አፍንጫ ወይም ጆሮ ውስጥ ከገቡ እርጥበት ሲያገኛቸው ስለሚያብጡ ለማውጣት ያስቸግራሉ። ፌስታል ለምንም እንስሳ ክንፍ አይሁን፤ ክርም ከ20 ሳንቲ ሜትር አይርዘም። የአሻንጉሊት ባትሪና ማግኔት በዚያ ክፍል ውስጥ ጨርሶ አይገኙ። ጥጡም ቢሆን በአንድ ጊዜ ጥቂት ጥቂት እየተደረገ ይሰጥ እንጂ ጥቅሉ ልጁ አጠገብ አይቀመጥ። እኛም ከጠረጴዛው አንነሣም፤ ስልክ ቢጠራም ይጠብቃል።

የተሠሩት እንስሳት መስኮት ሥር ለአንድ ሌሊት ከደረቁ በኋላ መጫወቻ ናቸው። ካርቶኑ ሲላቀቅ ሙጫ ይጨመርበታል፤ የማይጠገን ከሆነ ጥጡ ተነቅሎ ለሚቀጥለው በግ ይቀመጣል። ዱቄት ለሚስባቸው ነፍሳት ሲባል ግን ከሳምንታት በላይ መሳቢያ ውስጥ ማቆየት አይመከርም፤ ማስታወሻ የሚፈልግ ወላጅ ፎቶግራፍ ያንሣቸው። ሥራው ሲያልቅ ልጆቹ ብሩሾቹን ውኃ ውስጥ ይዘፈዝፋሉ፤ ይህም ለእነርሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ለልብስ የአባታቸውን አሮጌ ካናቴራ ከፊት ወደ ኋላ አድርጌ አለብሳቸዋለሁ። እርድ የነካው ልብስ ሳሙና ሲያገኘው ለጊዜው ወደ ቀይ ቢለወጥ አያስደንግጥ፤ ታጥቦ ጠንካራ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ቀለሙ ቀስ በቀስ ይለቃል።